«የውሸት» እና «የምር»፡ የምግብ አለርጂ ያለባትን ሕፃን ማሳደግ

በቤታችን ሳሎን፣ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አንድ ምግብ ቤት አለ፡፡ ባለቤቷም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ አስተናጋጇም የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት፡፡ ደንበኛዋ አንድ ብቻ ነው፤ ከእርሷ በቀር ማንም የማያየው አያ ጅቦ፡፡ በቆርኪ ቡና ይቀርብለታል፣ ከጋዜጣ ቁራጭ እንጀራ ይጎርሳል፣ ሒሳብ ሳይከፍል ውልቅ ይላል፡፡

ይህችው ልጅ ለለውዝ ብርቱ አለርጂ አለባት፡፡ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንዲት ሕፃን ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚያስከትሉ የተረዳሁት አምና፣ ያውም በራሴ ስህተት ነው፡፡ ውድ አንባቢያን ከስህተቴ ትማሩ እንደሆነ በማለት እነሆ እጽፋለሁ፡፡

ቀኑ እሑድ ነበር፡፡ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን፡፡ አለርጂዋን ከዚያ በፊት ተናግረናል፡፡ ይሁንና የቤቱ እመቤት «ትንሽ ምን ታደርጋታለች?» ብለው የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አጎረሷት፡፡ እኛ አላየንም፡፡ ቤት እንደገባን ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ገባች፣ እኔም ጋዜጣዬን ዘረጋሁ፡፡

«አባባ፣ አያ ጅቦ አፉን በላው፡፡ ምላሱ ላይ ፀጉር አለ» አለችኝ፡፡

«ውኃ ስጪው» አልኳት፣ ጋዜጣውን ሳላወርድ፡፡

ጥቂት ቆይታ «አያ ጅቦ አስመለሰው» ስትል ጎንበስ ብዬ አየሁ፡፡ ያስመለሳት እርሷን ነበር፡፡ ከንፈሯ አብጧል፣ አንገቷ ችፍ ብሏል፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል፡፡ መጀመሪያ የደረስንበት ክሊኒክ የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቶ ወደ ቤት ሊያሰናብተን ነበር፡፡ እናቷ አሻፈረኝ አለች፡፡ ሆስፒታል ስንደርስ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ተወጋች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሿ ተከፈተ፡፡

አለርጂው ምንድን ነው?

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምንም የማይጎዳውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት አለርጂ ይባላል፡፡ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠረው ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው፡፡ ዘመቻው ትንፋሽን ወይም የደም ዝውውርን ሲያጠቃ፣ ወይም እንደ ቆዳና ሆድ ያሉ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ክፉኛ ሲያጠቃ አናፊላክሲስ ይሆናል፤ ይህ ሊገድል ይችላል፡፡ በዚህ ጊዜ ቀዳሚው መድኃኒት በጭን ውጫዊ ጎን ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፡፡ የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከክን ቢያስታግስም የታፈነ ትንፋሽን አይከፍትም፡፡ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ሕፃኑ ቢሻለውም በሐኪም ዓይን ሥር መቆየት አለበት፡፡

«ልጁን ገና በጨቅላነቱ ማስለመድ አይሻልም?» የሚል ሰው አያጋጥማችሁም አይባልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ሊፕ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ጨቅላዎችን ተከታትሎ ነበር፡፡ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ለውዝ ሳይቀምሱ ካደጉት 17.2 በመቶው፣ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ከተመገቡት ግን 3.2 በመቶው ብቻ አለርጂው ተገኝቶባቸዋል፡፡ ልብ በሉ፤ ይህ ገና አለርጂ ላልያዘው ሕፃን፣ ያውም በሐኪም ምክር የሚደረግ ነው፡፡ አንዴ ለያዘው ልጅ በቤት ውስጥ «ማስለመድ» በሕይወት መቆመር ነው፡፡

ሕፃን በምን ቋንቋ ይናገራል?

አብዛኞቹ ልጆች ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ «የውሸት» መብላትና መጠጣት ይጀምራሉ፡፡ ከዚያም የራሳቸውን ስሜት ለአሻንጉሊት ወይም ለማይታይ ወዳጅ ያውሳሉ፡፡ ሕፃን «የአለርጂ ምልክት ታየብኝ» አይልም፡፡ «አፌ ይወጋኛል»፣ «ምላሴ ላይ ፀጉር አለ»፣ «ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ይላል፡፡ የእኛዋ ይህንኑ በአያ ጅቦ አፍ ተናገረች፡፡ እኔ ምስክሩን ሰምቼ ቃሉን አልመዘገብኩም፡፡

እናም በቤታችን አንድ ቃል ተደነገገ፤ «የምር»፡፡ አያ ጅቦን ባመመው ቁጥር «የውሸት ነው የምር?» ብለን እንጠይቃለን፡፡ መልሷ ምንም ይሁን ምን ከንፈሯን፣ ቆዳዋንና ትንፋሿን እናያለን፡፡ በጨዋታ «የምር» ብትል አንቆጣትም፡፡ የተቆጡት ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ አይናገርም፡፡

የእቃቃ ሕግ

እቃቃው ራሱ አደጋ አለው፡፡ የሰፈር ልጆች አሸዋው ጤፍ፣ ቅጠሉ ጎመን መሆኑ ሲሰለቻቸው ከየቤታቸው ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆሎው ውስጥ ለውዝ አይጠፋም፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው አንቀጽ፣ በእቃቃ ውስጥ እውነተኛ ምግብ አይገባም የሚል ነው፡፡ የስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ፕሌይ ዶ የሚባለው የመጫወቻ ሊጥ ስንዴ እንዳለበት እወቁ፡፡

ያው ጨዋታ ትምህርት ቤትም ነው፡፡ አያ ጅቦ እንግዳ ሲሆን «አልበላም፣ እናቴን ጠይቂ» ይላል፡፡ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጭኑን ይወጋል፣ ይድናል፡፡ ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅ ራሷን ትጠብቃለች ብሎ መዘናጋት አይገባም፡፡ ኃላፊነቱ የአዋቂው ነው፡፡

ጉርሻና ሕግ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ለውዝን ጨምሮ ስምንት ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች በማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ አስገድዳለች፡፡ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ የተጨመረው በ2021 ነው፡፡ በአውሮፓ ኅብረት ዝርዝሩ 14 ነው፡፡ በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡

ይሁን እንጂ ጉርሻ ማሸጊያ የለውም፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሳ ይክፈል ይላል፤ በፍቅር የተዘረጋን እጅ ግን ማን ይከሳል? ቢከሰስስ ለሕፃኗ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ይሉኝታችንን ትተን ቡናው ሳይፈላ፣ ሰው በተሰበሰበበት መናገር አለብን፡፡ የልጅ እንግዳ ሲመጣብንም ከማጉረሳችን በፊት ወላጁን እንጠይቅ፡፡

ባለፈው ሰሞን እኚያው ጎረቤታችን ቤታችን መጡ፡፡ በልማዳቸው እጃቸውን ሲዘረጉላት ልጅቷ አፏን ገጥማ ትንሽ አየቻቸውና፣ «እማማ፣ ለውዝ አለው? የምር?» አለቻቸው፡፡

እማማ እጃቸውን መልሰው ወደ እናቷ ዞሩ፡፡ «እኔ እንጃ ልጄ፡፡ እስኪ እናትሽን እንጠይቅ» አሉ፡፡ ማንም ቅር አላለውም፡፡