አሥራ ሦስተኛው ቀዳዳ፦ ስለ አንድ የታሪክ ጨዋታና ስለ ወለጋ

በአገራችን ፖለቲካ ሰው ከሰው የሚያጣላው የነገው ሳይሆን የትናንቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ መጪው ዓመት በጀት ከሚከራከረው ይልቅ ስለ 1874 ዓ.ም. የሚከራከረው ይበዛል። ይህን ጠባያችንን ከብዙ ጥናታዊ ጽሑፍ በተሻለ አጥርቶ የሚያሳይ አንድ የቤተሰብ ጨዋታ ስላለ ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍ ወደድሁ።

ጨዋታው ክሮኖናትስ ይባላል። አንድሩ ሉኒ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን፣ ወላጆችና ልጆች ጠረጴዛ ከብበው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ የሚጓዙበት ነው። 32 ካርዶች በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ስምንት ሆነው እንደ ሰሌዳ ይዘረጋሉ። የአብርሃም ሊንከን መገደል በ1865፣ የታይታኒክ መስጠም በ1912 እያለ ሰሌዳው እስከ 1999 ይዘልቃል። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ቁልፍ የሆነ ድርጊት መገልበጥ ይችላል፤ ሊንከን ከሞት ይተርፋል፤ ታይታኒክም ከበረዶው ክምር ያመልጣል። ነገር ግን ቁልፉ ድርጊት ሲገለበጥ ከእርሱ የመነጩት ሁሉ መሠረት ያጣሉ፤ በየቦታቸውም ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳውን ለመድፈን መጣፊያ ካርድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም «ያ ባይሆን በምትኩ ምን ይሆን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የያዘ ካርድ ነው።

የጨዋታው ምሥጢር ያለው ግን ከዚህም ጠለቅ ብሎ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ገና ሲጀመር ለማንም የማያሳየው አንድ መታወቂያ ይሰጠዋል። መታወቂያው ባለቤቱ ከየትኛው ታሪክ እንደ መጣ ይናገራል። ሰውየው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሦስት የተወሰኑ ድርጊቶች መታወቂያው እንደሚለው ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ካርድ የሚገለብጠው እውነትን ፍለጋ ሳይሆን ቤቱን ፍለጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ አልተመለከተንምን? በቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ሰፍሮ ኖሯል። እኔ የምለው መታወቂያ ግን ከዚያም ይጠብቃል፤ በኪስ ሳይሆን በልብ የሚያዝ ነውና። ታሪክ ሳነብም ሆነ ሳስተምር ዘወትር የሚገጥመኝ ይኸው ነው፤ ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሚፈለግበት ነገር እንደ መታወቂያው ይለያያል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ወለጋ ይበቃናል። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ፤ ለሸዋ ድል ያበቃውም በአብዛኛው የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበር። አንዱ መታወቂያ ይህን ቀን የአገር አንድነት መባቻ ይለዋል፤ ሌላው የመገበር ዘመን የጀመረበት ይለዋል። የነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ግን ሁለቱንም አላሉም። የኃይሉን ሚዛን አይተው ያለ ጦርነት ገበሩ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም አስጠበቁ። ልጃቸው ኩምሳም ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ግቢያቸው እስከ ዛሬ ነቀምቴ ላይ አለ። እኒህ አባትና ልጅ የቱ መታወቂያ ላይ ይጻፉ? በአንዱ ከሃዲ፣ በሌላው ታማኝ ይሆናሉ እንጂ ሕዝባቸውን ከእሳት ለማዳን ያሰሉ ፖለቲከኞች ሆነው የሚታዩበት መታወቂያ እምብዛም አይገኝም።

ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረው 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በዚያው በወለጋ ምድር ሁለት ነገሮች ሆኑ። በአንድ በኩል በደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር መሪነት የምዕራብ ኦሮሞ መሳፍንት ኅብረት ፈጥረው፣ ከጣሊያን አገዛዝ ይልቅ በመንግሥታት ማኅበር ሥር መተዳደርን በመምረጥ ለእንግሊዝ ቆንስል አቤት አሉ። በሌላ በኩል ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ የጥቁር አንበሶች፣ ከእነርሱም ውስጥ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ባረፉት የጣሊያን አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ጥለው ጄኔራል ማሊዮኮንና ጓደኞቹን ገደሉ። አንዱ ወገን ቦናያን ብቻ ይዘክራል፤ ሌላው ኅብረቱን ብቻ። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ «ያ ሁሉ ሰው በዚያ ጭንቅ ወር ምን አማራጭ ነበረው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ኦነሲሞስ ነሲብም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው፣ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ይህ ሰው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦሮምኛውን የሚወድ ፊደሉን ይዘለዋል፤ ፊደሉን የሚወድ ኦሮምኛውን ይዘለዋል። መጽሐፉ ግን ሁለቱንም በአንድ ገጽ ይዞ ተቀምጧል።

አባቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው። በጅማሬው ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባላጋራዎች እንደ ፈለጉ በአንድነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። የእኛ የታሪክ ክርክር ከወረራው አልወጣም እላለሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ የሌላውን እጅ የሚመለከት የለም። በሰንጠረዥስ መጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ተራ ይመጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን ይህን ያህል ሰው ካለቀም በኋላ ተራ አልመጣም።

ወደ ክሮኖናትስ ልመለስና የመጨረሻውን ደንብ ልናገር። ተጫዋቾቹ እየገለበጡ መጣፊያ ሳያደርጉ ቀርተው ቀዳዳዎቹ 13 ከደረሱ ዓለም ይፈርሳል፤ ጨዋታውም ያበቃል። የሚያሸንፍ የለም፤ ሁሉም ይሸነፋል።

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን በቡሬ መንገድ የሚጓዝ ሰው ወደ አንገር ሸለቆ፣ ወደ ጊዳ አያና ምድር ይወርዳል። በዚህ አካባቢ ኦሮሞው ከጥንት አለ። ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በልዩ ልዩ ዘመን የመጣው አማራም አለ፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ወለጋ የመጡት በራሳቸው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በደርግ ውሳኔም ጭምር ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጊዳ አያናና በአጎራባቹ በኪረሙ ከኦሮሞውም ከአማራውም ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ገዳዮቹ የታጠቁ ናቸው፤ የተጠያቂነቱ ጉዳይም ለሕግ ነው። ነገር ግን «አንተ መጤ ነህ»፣ «አንተ ወራሪ ነህ» የሚለው ቃል ከጠመንጃው በፊት የመጣ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ልንክደው አንችልም። ቃሉን ያቀበልነው እኛ የተማርነው ነን፤ የየራሳችንን መታወቂያ ይዘን፣ ሩቅ ከተማ ላይ ተቀምጠን ካርድ የገለበጥነው። የተከፈተው ቀዳዳ ግን የገበሬው ቤት ሆነ።

ታሪክ አይነገር፣ በደልም ይረሳ የሚል አሳብ የለኝም። ያልተነገረ በደል ራሱ ቀዳዳ ነው። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ስለ እምባቦ ሲጠየቅ የራሱን ወገን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ የያዘውን መታወቂያ፣ ልጁ «አዎን፣ ይህ የእኔ ነው» እስኪል ድረስ አጥርቶ መናገር ይልመድ። ሁለተኛ፣ «ያ ነገር ባይሆን ኖሮ» የሚል ሁሉ መጣፊያውን አብሮ ያምጣ። ያ ነገር በመሆኑ ወደዚያ ምድር የመጣ ሰው አለ፤ ያረሰው መሬት፣ የወለደው ልጅ አለ፤ ልጁም አንገር ሸለቆ ውስጥ ተወልዶ ሌላ አገር አያውቅም። እርሱን የት ታደርገዋለህ? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ካርዱን ባይነካው ይሻላል።

በጨዋታው ቀዳዳዎቹ 13 ሲሞሉ ካርዱ ተሰብስቦ እንደገና ይበወዛል፤ ልጆቹም ስቀው ይተኛሉ። በወለጋ ግን የሚሰበሰብ ካርድ የለም። ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደ ደረስን ቆጥሮ የነገረንም የለም።

ቸር ያሰማን።