ስለ መገልበጥና ስለ ስርቆት

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ፍርድ የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቆዩበትን ወኅኒ ቤት ነው። በዚያ አቅጣጫ የምንመላለስ ሰዎች ግን በመንገዱ ዳር ባሉት ትንንሽ ሱቆች ዘፈንና ፊልም ወደ ስልክ ሲገለበጥ ዘወትር እናያለን። ገልባጩ ሌባ ነውን? መልሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌባ ከተባለ መንገዱ ወደዚያው ግቢ ያደርሰዋልና።

አባቶቻችን መገልበጥን ስርቆት አላሉትም። በብራና መጻሕፍት ላይ የተጻፈው ግዝት የሚወርደው መጽሐፉን በሰረቀውና የባለቤቱን ስም በፋቀው ላይ ነው እንጂ፥ ከመጽሐፉ ቀድቶ ሌላ በጻፈው ላይ አይደለም። መገልበጥ እንዲያውም ጽድቅ ነበር። ብራናውን ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ወራት ሙሉ ጐንበስ ብሎ የሚለፋው ራሱ ገልባጩ ነበርና። ዳዊት የደገመ ሁሉ ይህን ድካም አያውቀውም፤ ለቁም ጸሐፊው ግን ወገቡ ይነግረዋል።

ዛሬ መኪናው በቅጽበት ይገለብጣል፤ ድካሙ ሁሉ ለደራሲው ብቻ ቀርቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ በድርሰቱ ላይ መብት ሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ካሴት መጥቶ ዘፈኑ በየጓዳው ሲባዛ ሕጉ ብዙ አላዳነውም። በ1996 ሁለት ሕጎች ወጡ። የወንጀል ሕጉ ለተራ ስርቆት ቅጣቱን ቢበዛ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት አደረገ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ መብቱን አስቦ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይታሰር አለ። የሌባው ጣሪያ ለገልባጩ ወለል ሆነ ማለት ነው! አዋጁ በ2007 ማሻሻያ ወጥቶለታል፤ ያ የመጀመሪያው ሚዛን ግን እኔን ዛሬም ያስገርመኛል።

በሬዬን የነዳ ሰው በሬ አልባ አድርጎኛል። ዘፈኔን የገለበጠ ግን ዘፈኑን ትቶልኝ ዋጋዬን ይዞ ሄዷል። ስለዚህ እኔ ይህን ሥራ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ብዬ እጠራዋለሁ። አጫጁን ቀኑን ሙሉ አሠርቶ ማታ ባዶ እጁን እንደ መስደድ ነው፤ ይህም ከስርቆት የሚያንስ በደል አይደለም። ለአንድ ጊዜ ለራሱ የሚቀዳው ተማሪና ሺህ ቅጂ የሚሸጠው ነጋዴ ግን እኩል አይመዘኑም፤ አዋጁም ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መቅዳትን በወሰን ፈቅዷል።

ስለ ስም መፋቅስ? ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘል የግጥሙና የዜማው ደራሲ ስም በመንገድ ይወድቃል። በየስልካችሁ ካሉት ዘፈኖች የስንቱን ግጥም ጸሐፊ ታውቃላችሁ?