የኤስኤቲ የቃላት ሽምደዳ

በቨርጂኒያ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ለኮሌጅ መግቢያው ፈተና ለኤስኤቲ መዘጋጀት ማለት ቃላት መሸምደድ ነበር። በካርድ ፊት እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው የአማርኛ ፍቺውን እየጻፍኩ አውቶቡስ ላይ አጠና ነበር። ባሮንስ የተባለው የፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ ብቻውን ከ3,000 በላይ ቃላት ደርድሯል።

ፈተናው መጀመሪያ የተሰጠው ጁን 23 ቀን 1926 ሲሆን 8,000 ያህል ተማሪዎች ተፈትነውበታል። ዝግጅቱን የመራው የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ብሪገም ነው። ይህ ሰው በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የስደተኞችን ዝቅተኛ የፈተና ውጤት የዘራቸው የአእምሮ ድክመት ማስረጃ አድርጎ አቅርቦ ነበር። በ1930 ግን ድምዳሜውን ራሱ ሻረው፤ በእንግሊዝኛ ያላደገን ሰው በእንግሊዝኛ ፈትኖ ከሌላው ማወዳደር እንደማይቻል አመነ። እኔን መሰል ስደተኛ ተማሪ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል። ካርዶቹ ላይ ያሉትን ቃላት እኮ እኛ ቤት ማንም አይናገራቸውም ነበር!

በ1994 የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ከፈተናው ቀረ፤ በ2005 የቃላት ዝምድና ጥያቄም ቀረ፤ በ2016 ደግሞ ብርቅዬ ቃላትን ነጥሎ መጠየቅ ቆመ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ የመጣው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው።