ድምፅ የነበራቸው ወንበዴዎች

የባሕር ወንበዴ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቃሉ ሕግ የሆነ ጨካኝ ካፒቴን ነው። ታሪክ ግን ሌላ ይላል።

ነገሩን እንድመረምር የገፋፋኝ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፐዝል ፓይሬትስ» በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ መርከብ እየመራሁ እጓዛለሁ። አንዱ ሸራ ይወጥራል፤ ሌላው የገባውን ውሃ ያወጣል፤ ሌላው የተነደለውን ይጠግናል፤ በመጨረሻም ምርኮው ይከፋፈላል። በመልክ የማላውቃቸውን ሰዎች አስገድጄ ላቆያቸው አልችልም፤ ቅር ያለው ትቶኝ ይሄዳል። እውነተኞቹ ወንበዴዎችስ በምን ይተዳደሩ ነበር?

ዌልሳዊው ባርቶሎሚው ሮበርትስ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1719 ይሠራበት የነበረው የባሪያ ንግድ መርከብ በዛሬዋ ጋና ጠረፍ፣ በአኖማቡ፣ በወንበዴዎች ተያዘ። አለቃቸው ሃወል ዴቪስ በፕሪንሲፔ ደሴት ሲገደል፣ ከመካከላቸው ከገባ ገና ሁለት ወር ያልሞላውን ሮበርትስን መረጡት።

የጽሑፍ ደንብም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1724 በለንደን የታተመው የካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ በዐቢይ ጉዳይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው፤ በገንዘብ ቁማር መጫወት ክልክል ነው፤ ካፒቴኑና ኳርተርማስተሩ ሁለት ሁለት ድርሻ፣ ተራው መርከበኛ አንድ ድርሻ ይወስዳል። ኳርተርማስተር የሚሉት ምርኮ አከፋፋዩንና የካፒቴኑን ሥልጣን የሚገታውን ሰው ነው።

ይህ ከደግነት የመነጨ አይደለም። ብዙዎቹ ካፒቴኑ በጅራፍ ከሚገርፍባቸውና ደመወዝ ከሚያስቀርባቸው የንግድ መርከቦች የመጡ ነበሩ። ያልተገታ አለቃ ምን እንደሚያደርግ በጀርባቸው ያውቁታል።

አንባቢ ግን «ወንበዴ አሞገሰ» አይበለኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1722 በዊዳ ወደብ አንድ የባሪያ መርከብ ካፒቴን ቤዛ አልከፍልም በማለቱ፣ የሮበርትስ ሰዎች መርከቡን 80 ያህል አፍሪካውያን በሰንሰለት እንደታሰሩበት አቃጠሉት። በወሩ ሮበርትስ በዛሬዋ ጋቦን፣ በኬፕ ሎፔዝ አጠገብ፣ ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ከተያዙት ሰዎቹ 52ቱ በኬፕ ኮስት ተሰቀሉ። ከእርሱ ጋር የነበሩት ጥቁሮች ደግሞ ለባርነት ተሸጡ።

እንግዲህ ደንቡን ደግሜ ሳነበው አንድ አንቀጽ አጣበታለሁ፤ በመርከቡ ላይ ድምፅ ስለሌለው ሰው የሚናገር። ድምፅ የነበራቸው እርስ በርስ ፍትሕ አደላደሉ፤ ድምፅ ላልነበራቸው የተረፈው እሳትና ሰንሰለት ነው።