ሆድ ውኃ ሲቋጥር ሁሉ ነገር አበቃ?

እኛ ዘንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። ሆዱ ውኃ ከቋጠረ ደግሞ ቤተሰብ ተስፋ ይቆርጣል፤ ለሕክምና ገንዘብ ማውጣትም ከንቱ ይመስላል። ይህ ተስፋ መቁረጥ ከየት እንደመጣ ታሪኩን እንይ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሄፓታይተስ ቢ ምልክት በደም ውስጥ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው፤ ባሩክ ብሉምበርግም በዚህ ሥራው በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1980ዎቹ ክትባት መጣ። ክትባት ግን ያልተያዘውን ይጠብቃል እንጂ የተያዘውን አያድንም። ለታመመው የነበረው ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነው፤ እሱም ጉበቱ እጅግ ለደከመ ሰው አደገኛ ነበር። ያኔ ተስፋ መቁረጡ ምክንያት ነበረው።

ነገሩን የለወጠው መጀመሪያ ለኤች አይ ቪ የተፈቀደ ክኒን፣ ላሚቩዲን ነው። በእስያና ፓስፊክ አገሮች ጉበታቸው ክፉኛ ጠባሳ የያዘ 651 ሕሙማን ተጠኑ። በ2004 በታተመው ውጤት፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ከ100 ወደ 18 የሚጠጉት ባሰባቸው፤ ላሚቩዲን ከወሰዱት ግን 8 ያህሉ ብቻ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ።

ሆኖም ቫይረሱ ላሚቩዲንን ይላመድ ነበር። የተሻለው ቴኖፎቪር በ2008 ለሄፓታይተስ ቢ ተፈቀደ። በ2013 በታተመ ጥናት፣ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች በ71ዱ ላይ ከ5 ዓመት ሕክምና በኋላ ሲሮሲሱ አልታየም። አይመለስም የተባለ ጉበት አገገመ።

በአገራችንም በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በቴኖፎቪር የማከም የሙከራ ፕሮግራም ተጀመረ። ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ጉበታቸው ሥራውን ማቆም ከጀመረ በኋላ የመጡት ነበሩ። ሆዱ ውኃ የቋጠረም ቢሆን መታከም አለበት፤ ቀድሞ የመጣ ግን ይበልጥ ያተርፋል።

እኛ መንገደኞች ነን። ክኒኑ ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ለደከመ ጉበት ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ሞያሌን ወይም መተማን ከመሻገራችን በፊት ለመመለሻችን ጭምር የሚበቃ ክኒን እንያዝ። «የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው» ብለው ያሙኛል ብሎ የሚደብቅ ወንድም ካለ ይህን ታሪክ እንንገረው። ቤተሰባችንንም እናስመርምር፤ ነፃ የሆነውን እናስከትብ።