የምድጃ ጭስና የሳንባ ሕመም በጎጃም ደጋ

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችውና ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ የሣር ክዳን ጎጆ ብርድን ለመከላከል አብዛኛውን ጊዜ ያለ መስኮት ይሠራ ስለነበር፣ ከሦስቱ ጉልቻ የሚነሣው ጭስ መውጫው በሩና ክዳኑ ብቻ ነበር። ደኑ እየተመናመነ ሲሄድ ማገዶው ኩበት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ ቀስ በቀስ የተስፋፋው ባሕር ዛፍም ሆነ፤ እንጀራ በምትጋግር ሴት ፊት የሚትጎለጎለው ጭስ ማገሩን በጥቀርሻ ሲያጠቁር፣ ደቃቁ ብናኝ ደግሞ የአየር ቧንቧዎቿን ለዓመታት እያስቆጣ ያጠባቸው ነበር።

ይህ ሕመም፣ ማለትም አየር በሳንባ ውስጥ እንደ ልብ እንዳይመላለስ የሚያደርገው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት፣ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሳሉ በብርድ፣ ድካሙ በዕድሜ ይሳበብ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሀችንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 የትንፋሽ መለኪያውን ስፓይሮሜትር ካስተዋወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ሐኪሞች በተከታታይ 2 ዓመታት፣ በየዓመቱ ቢያንስ ለ3 ወራት የሚቆይ አክታ ያለው ሳልን የዚህ ሕመም አንዱ መልክ ለሆነው ለሥር ሰደድ ብሮንካይትስ፣ ማለትም የአየር ቧንቧ ብግነት፣ መለያ አደረጉት።

እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ከእኩዮቿ ቀድማ ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷም ሲር ሲር ካለ፣ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ግን በኢትዮጵያ የሕክምና አሠራር አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዋወቀው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለው ምርጥ ምድጃ ማገዶን ቢቆጥብም፣ ጭሱን ቀነሰ እንጂ አላጠፋውም።