ራስ ምታትና ማይግሬን፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ቤቶች ማወቅ የሚገባን

በረመዷን የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ከብዙ ቤት የሚሰማው ስሞታ አንድ ነው፦ «ራሴን!» ብዙዎቻችን ረሃብ ነው ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ በጠዋት የቀረችው ጀበና ናት። ቡና አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ ሕመሙ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጀመሪያ በረካን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቶናን መተው ይሻላል። ሱሑርን አለመዝለልና ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃ በየመሐሉ መጠጣትም ይረዳል።

በየወሩ እየተመላለሰ የሚያስተኛው ሕመም ግን ሌላ ነው። ማይግሬን ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን እንደ ልብ ምት እየወቀረ ይመጣል፤ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንዳንዱ ሰው አስቀድሞ በዓይኑ ፊት ብልጭታ ያያል። ከውጥረት የሚመጣው ራስ ምታት ደግሞ ጭንቅላትን በገመድ እንደታሰረ ያህል ግራና ቀኝ ያጨናንቃል እንጂ ሰውን ከሥራው ብዙም አያስቀርም።

አካባቢያችን በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን ስለ ነርቭ ሕመሞች መርምረዋል። እኚሁ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ገጠር ነዋሪዎች ባሳተሙት ጥናት ማይግሬን ያለባቸው ከመቶ 3 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላ የአገራችን ጥናት ግን 17.7 በመቶ አግኝቷል። የአጠያየቅ ዘዴያቸው ስለሚለያይ በሽታው ይህን ያህል ጨምሯል ማለት አይቻልም። ሴቶችን ይበልጥ እንደሚያጠቃ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ እናት ወይም እህት በየወሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስትተኛ «ሰበብ ነው» ማለት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበን የኪኒን ልማድ ነው። ከሱቅ ፓራሲታሞል፣ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዙ መዋጥ ቀላል ሆኗል። እነዚህን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። የተደባለቁና ጠንካራ ማስታገሻዎች ላይ ገደቡ 10 ቀን ነው። ያመመዎትን ቀንና የዋጡትን ኪኒን በደብተር ይመዝግቡ፤ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ማይግሬኑ በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ እንደ ፕሮፕራኖሎል (አስም ላለበት አይሆንም) ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መከላከያ ሊታዘዝ ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም። በረመዷን የመድኃኒት ሰዓት እንዴት እንደሚስተካከል፣ መጾም ይቻል እንደሆነም አስቀድሞ ሐኪምንና ዓሊምን መጠየቅ ነው።

የሚቀሰቅሱት ነገሮች ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝለልና የውኃ ጥም ግን በብዙዎች ላይ ይታያሉ። ጫት የብዙ ቤተሰቦቻችን እንጀራ ስለሆነ ደፍረን አናነሳውም እንጂ፣ በርጫ ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት ያመጣል። ሒጃማ (ዋግምት) የሚያደርጉም አሉ፤ ለማይግሬን መጥቀሙን በጥናት አጥብቆ መናገር አይቻልም። የሚያደርግ ሰው ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይኑ ይይ፤ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በዚያ ይተላለፋሉ።

በክረምት በር ዘግተው ከሰል ያቀጣጠሉ ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ካዞራቸው የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ። ወደ ጊቤ ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ከያዘው የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ብልጭታ ያለው ማይግሬን ያለባት ሴት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከመጀመሯ በፊት ለባለሙያው ትንገር፤ አንዳንዶቹ ኪኒኖች የስትሮክን አደጋ ይጨምራሉ።

በድንገት፣ በቅጽበት የሚበረታ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መያዝ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የሚብስ ሕመም፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ እንዲሁም ከአምስተኛው ወር ወዲህ ባለች ነፍሰ ጡር ላይ ከዓይን መደብዘዝ ወይም ከፊት ማበጥ ጋር የመጣ ከሆነ ኪኒን ውጦ ማደር አይቻልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።